ፊቱን ይዞ የወደቀው ልጅ

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከጎንደር ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ይድረስ ለእህቴ። ዕድሜዬ 56 ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ኳስ ነፍሴ ነው። ሩጫም ሲኖር ሥራ አይዘኝም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ለሠፈሩ ወጣቶች ባንዲራ የሰፋሁት በነጻ ነው። አንዱ እስከ ዛሬ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ አለ።

አሁን ግን ሆዴ ሻክሯል። ዛሬ የማያቸው ተጫዋቾች ሳይነኩ ይወድቃሉ። ዳኛ ላይ ይጮሃሉ። ሲቀየሩ ማሊያቸውን ወርውረው ይሄዳሉ። ደሞዝ ዘገየ ብለው ልምምድ ያቆማሉ። ሊጉ ባሕር ዳር ሲካሄድ ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ከሆቴል በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆምን። የሚወደው ተጫዋች ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ። ልጄ ደብተርና እስክሪብቶ ዘረጋለት። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

የባሰው ግን ያለፈው ቅዳሜ ነው። ይኸው ልጄ አሁን 12 ዓመቱ ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ሲጫወት አየሁት። የሌላው ልጅ እግር ቅልጥሙን ነካ አደረገው። እሱ ፊቱን ይዞ ወደቀ። ተንከባለለ። ከዚያ በጣቶቹ መሐል አንድ ዓይኑን ገልጦ ዳኛውን አየ። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠው። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀና ‹ጎበዝ!› አለው። እኔ አልሳቅሁም። ሥራዬ ላይ ተመልሼ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ድሮ ቡድናችን እየመራ በረኛው ሲወድቅ ‹ተኛ! አትነሳ!› ብዬ ጮኬ አውቃለሁ። ግን ያ ሌላ ነበር። ምሩጽን፣ ደራርቱን ያየ ዓይን እንዴት ይህን ያያል? ባንዲራውን ላውርደው? ልጁንስ ኳስ እንዳያይ ልከልክለው? ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ አንድ ቦታ ነው። በጣቶቹ መሐል የተገለጠችው ዓይን። መውደቁን ማንም ልጅ ይወድቃል። ያቺ ዓይን ግን ሒሳብ ትሠራ ነበር። እርስዎን ያሳመመዎት እሱ ይመስለኛል፤ እኔንም አሞኛል። ስለዚህ «ይሄ እኮ ኳስ ነው፣ ምን ያስጨንቃል» አልልዎትም። ያስጨንቃል።

መጀመሪያ የቤታችንን ታሪክ ልንገርዎት። እኔም ጎንደር ነው ያደግሁት። ታላቅ ወንድሜ ለሠፈሩ ቡድን አጥቂ ነበር። ፈጣን ነው፤ አፉም ፈጣን ነው። አንድ እሑድ የመሐል ዳኛውን ክፉ ስድብ ሰደበው። ዳኛው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበሩም፤ የሠፈራችን አስተማሪ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ማታ ቤት ስንገባ አስተማሪው ሳሎናችን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ስለ ኳሱ ያነሱት አንድም ነገር የለም። ስለ ዝናቡ ነው የሚያወሩት። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ መግባትም መውጣትም አቃተው። እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች «ግባ እንጂ፣ ሰው አታውቅም?» አለችው። ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ቀን በኋላ ዳኛ ላይ አፉን ሲከፍት አላየሁም።

ያን ቀን ወንድሜን የያዘው ሕግ አይደለም። ቢጫ ካርድም አይደለም። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሰውን የሚይዘው የሚያውቀው ሰው ሲያየው ነው። ነገ ዳቦ ቤት የምታገኘው ሰው፣ ለቅሶ ላይ አጠገብህ የሚቀመጥ ሰው ሲያይህ ነው እጅህ የሚሰበሰበው።

አሁን የእኛን ቡድን ይመልከቱት። ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን በሆነበት በ2013 ዓ.ም. ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። በኮሮና ጊዜ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዞረ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። ኮሮናው አለፈ፤ ከተማ ለከተማ መዞሩ ግን ቀጠለ። እርስዎ ያን ሁሉ ባንዲራ የሰፉት በቴሌቪዥን ላዩት ቡድን ነው። ተጫዋቹ ደግሞ ከሆቴል ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ሆቴል ነው ኑሮው። ጃንተከል ዋርካ ሥር አይቀመጥ፣ ፒያሳ ላይ ወጥቶ ሻይ አይጠጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክለብ ይፈርማል። ማን ይታዘበኝ ብሎ ይፈር? ታዛቢው ሁሉ ከካሜራው ወዲያ ማዶ ነው።

የእንግሊዙ ሊግማ ከዚህም ይርቃል። ልጅዎ እነዚያን ሰዎች የሚያውቃቸው በስክሪን ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ጎንደር የምትባል ከተማ መኖሯንም ላያውቁ ይችላሉ።

ይህን የምለው ጥፋታቸውን ለማቅለል አይደለም። የእርስዎ ንዴት ትክክለኛ አድራሻ እንዲያገኝ ብዬ ነው። «የዛሬ ልጆች ተበላሹ» ካልን ምንም ማድረግ አንችልም፤ ባንዲራውን አውርዶ ቁጭ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። ዓይናችን ስለራቃቸው ነው ካልን ግን፣ ቢያንስ ለአንድ ልጅ ዓይናችንን ማቅረብ እንችላለን። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

የድሮ ተጫዋች ሁሉ ጨዋ ነበር የሚለውን ግን አልቀበልዎትም፣ ጋሼ። በ1978 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ማራዶና እንግሊዝ ላይ በእጁ አገባ፤ ዳኛው አላየም፤ እሱም ጨፈረ። እዚያው ጨዋታ ላይ ግማሹን ሜዳ አቋርጦ ያገባትን ሁለተኛዋን ጎል እያነሳን እጁን ይቅር ብለነዋል። በ1998 ዓ.ም. ዚዳን በፍጻሜው ጨዋታ ሰው ደረት ላይ በቴስታ መትቶ ቀይ ካርድ ወጣበት። ዚዳን የትናንት ነው፤ ጨዋ ከሚባሉትም አንዱ ነበር። ያን ጊዜም ነበረ። ልዩነቱ አሁን ካሜራው በዝቶ አንድም ነገር አያመልጠንም። ያ ክፉ ቅጽበት ደግሞ በቲክቶክ ሃምሳ ጊዜ ተደጋግሞ ይታያል። መልካሙን ማንም አይደጋግመውም።

መልካሙን ካነሳን አይቀር ደራርቱን ጠርተዋታል። በ1984 ዓ.ም. ክረምት፣ ባርሴሎና። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እኛ ልጆቹ መሬት ላይ ተደርድረን፣ ትልልቆቹ ከኋላችን ቆመው። ደራርቱ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠበቀቻት። ነጭ ናት። አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ለ32 ዓመት ከኦሊምፒክ ውጭ ሆና ቆይታ መመለሷ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አባቴ ምንም አልተናገረም። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

አሁን ደግሞ እርስዎ ያላነሱትን እኔ ላንሳ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ ቡዳፔስት፣ የዓለም ሻምፒዮና። በሴቶች 10,000 ሜትር ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን መጨረሻው መስመር ጋ ልትደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች። የእኛዎቹ ጉዳፍ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ተከታትለው ከአንድ እስከ ሦስት ገቡ። ለተሰንበት ግደይ ብር አግኝታለች፤ አገሯ ሦስቱንም ሜዳሊያ ወስዳለች፤ መጨፈር ትችል ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ወደ ወደቀችው ልጅ ሄደች። በዓመቱ ደግሞ ነሐሴ 2016፣ ፓሪስ። ታምራት ቶላ በመጀመሪያ ከሦስቱ የማራቶን ሯጮች ውስጥ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ቦታው ለታምራት ሆነ። ታምራትም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ለኦሊምፒክ ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋጀ ሰው «አልቻልኩም፣ ሌላው ይሩጥ» ለማለት ምን ያህል ሆድ እንደሚጠይቅ እርስዎ ያውቁታል። እነዚህ የዛሬ አትሌቶች ናቸው፣ ጋሼ። የልጅዎ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ስለ ደሞዙ ግን በግልጽ አልስማማም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሊጉ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጥቶ ነበር፤ ሲወራ ሁሉም ሀብታም ይመስላል። ግን ወራት ደሞዝ ሳያገኝ የሚጫወት ስንት አለ! እርስዎ ሱሪ ሰፍተው ባለቤቱ ሦስት ወር ሒሳብ ቢይዝብዎት፣ አራተኛውን ሱሪ ይሰፋሉ? ላቡን የጠየቀ ሰው ከሚያስመስለው ጋር አንድ ላይ አይደመርም። ከዝርዝርዎ ላይ ይሰርዙልኝ።

የሆቴሉ በር ነገር ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ምናልባት ተሸንፎ ነው፤ ምናልባት ከቤቱ መጥፎ ወሬ ሰምቶ ነው፤ ምናልባት ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ይሁን። ልጅ ደብተር ዘርግቶ ሲቆም አንገትን ቀና ማድረግ ግን ምንም አያስከፍልም። ይህን ለደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች ንገሯቸው። ስሙን ለማጥፋት አይደለም። አንድ አዋቂ ሰው ጠጋ ብሎ «ያንን ልጅ አሳዘንከው» እንዲለው ነው። ማን ያውቃል፣ እስካሁን ማንም አልነገረው ይሆናል። በዙሪያው ያሉት ስለ ፊርማ ብር ነው የሚያወሩት።

አሁን ወደ ኑዛዜዎ ልምጣ። «ያ ሌላ ነበር» ብለዋል።

አልነበረም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በረኛው ያኔ ሲተኛ፣ የእርስዎ ድምፅ ጆሮው ገብቷል። የተኛው ለእርስዎ ነው። ባለፈው ቅዳሜም ልጅዎ የተንከባለለው ሜዳ ዳር ለቆመው ሰው ነው። ፍጹም ቅጣት ምቱን የሰጠው ዳኛው ነው፤ «ጎበዝ» ያለው ግን ሠፈሩ ነው። የአስመሳይ ቅጣቱ ቢጫ ካርድ ነው፤ ትርፉ ጎል ነው። እንደዚህ ባለ ገበያ ማን ነጋዴ ይከስራል? ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በረኛ ኳስ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል የሚል ሕግ ወጥቷል። ሰዓት መግደል ምን ያህል እንዳስመረረ ከዚህ ይረዱት። ግን «ተኛ!» የሚለውን ደጋፊ የሚቀጣ ሕግ የለም። እሱን እኛው ነን የምናቆመው።

ይህን የምልዎት ልወቅስዎት ብዬ አይደለም። ሰው ሁሉ ጮኋል፤ እኔም ጮኬያለሁ። መናዘዝዎ ግን ለልጅዎ ትልቅ ነገር ነው። ንገሩት። «እኔም እንደዚህ ብዬ እጮህ ነበር፤ አሁን አፍሬበታለሁ» ይበሉት። አባት እንዲህ ሲል የሰማ ልጅ ምክሩን እንደ ቁጣ አይቆጥረውም።

እንዳይከለክሉት ግን አደራ። ኳስ ቤት ውስጥ ከከለከሉት ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ያየዋል። እዚያ ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው ቤቲንግ ቆርጦ፣ ውጤት ሲበላሽበት ተጫዋቹን እናቱ ድረስ የሚሳደብ ሰው ነው። አብራችሁ እዩ። ሲያዩ እንደ ሰባኪ አይሁኑበት፤ በየደቂቃው «አየህ? አየህ?» ካሉት ይሰለቻል። አንድ ሰው ሳይነካ ሲወድቅ ዝም ብለው «ነካው እንዴ?» ብለው ይጠይቁት። ይመልስ። ልጆች ለሚያታልል ሰው ዓይናቸው ስለታም ነው። ራሱ ይነግርዎታል። ልጁ የሚወደውን ተጫዋች ግን አያንቋሽሹበት። እግሩን መውደድና ጠባዩን አለመውደድ አብረው እንደሚሄዱ ከእርስዎ ይይ። እኔ ማራዶናን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ያቺን «የእግዜር እጅ» የተባለችውን እጅ ግን ከነስሟ አልወዳትም።

ቅዳሜ ደግሞ ሱቅዎን ለሁለት ሰዓት ይዝጉ። ሥራ እንዳለብዎ አውቃለሁ። ግን ያ ከቤትዎ ጀርባ ያለው ሜዳ ነው ቅድም እመለሳለሁ ያልኩዎት። እዚያ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ይሉኝታ የሚሠራበት ኳስ ዛሬም አልጠፋም፤ ያለው እዚያ ነው። ዳር ይቁሙ። ልጅዎ ሲያስመስል እንዳይጮሁበት፤ ሰው ፊት ካዋረዱት ይደብቃል እንጂ አይተውም። እንዳይስቁም ብቻ። አጠገብዎ ያለው «ጎበዝ» ሲል «የለም፣ አልነካውም» ይበሉ፤ በእርጋታ፣ ግን እንዲሰማ። ሌላው ልጅ ሲወድቅ የእርስዎ ልጅ እጁን ሰጥቶ ካስነሳው ያን ጊዜ ያጨብጭቡ። ከጎል በላይ ያጨብጭቡ። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሲደጋገም ዳር የቆመው ሰውም ይለምደዋል፤ የእኛ ሰው አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሲያይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያውቃል። በ56 ዓመትዎ ሽማግሌ ስላልኩዎት አይቀየሙኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ልጅ ሆነን ወንድሜና ጓደኞቹ ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለመኑ ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቀው ኳስ ይሠሩ ነበር። ልብስ ሰፊው ቁርጥራጩን ሲሰጣቸው «ስትጣሉ ከሰማሁ ሁለተኛ አትመጡም» ይላቸዋል። እነሱም ከእሱ ሱቅ ፊት ለፊት ሲጫወቱ እንደ መልአክ ነበሩ። ከመሸ በኋላ ወደ ሽንታ ወንዝ በኩል ሲሄዱ ያው ይጣሉ ነበር፤ እሱንም አልደብቅዎትም። ግን ሱቁ ፊት ለፊት አንድም ቀን አልተጣሉም። የእርስዎ ሱቅ ወለል ላይ ስንት ቁርጥራጭ እንዳለ ያስቡት።

ባንዲራውን አያውርዱት። ያን ባንዲራ የሰፉት ለአንድ ተጫዋች አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ከዚያ ወዲህ ተቀያይረዋል። ለከተማው ነው የሰፉት። አቧራ ይዞ ከሆነ ግን አጥበው መልሰው ይስቀሉት፤ ልጁ ያግዝዎት።

ከሁለት ሦስት ቅዳሜ በኋላ ይጻፉልኝ። ስንት ለስንት እንደወጡ አልጠይቅዎትም። ልጁ ሲወድቅ ዓይኑ ወዴት እንዳየ ብቻ ይንገሩኝ።